ከመሥሪያ ቤት ደጅ የተመለሱትን ስለ መጥራት

በላስታ ምድር፥ ከላሊበላ ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ በጽድ ደን መካከል ባለ ዋሻ ውስጥ የታነጸውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው አይረሳውም። በላሊበላ እንዳሉት አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት የተፈለፈለ ሳይሆን፥ አንድ ረድፍ እንጨት፥ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተነባበረበት፥ እንደ አክሱም ዘመን አሠራር በዋሻው ሆድ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ያሳነጸውም በ12ኛው መቶ ዓመት ከዛጔ ነገሥታት አንዱ የነበረው፥ ንግሥናን ከክህነት ጋራ የያዘው ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። እኛም በዚያ አገር ዘመዶች ስላሉን በጥቅምት ወር ለንግሡ ወጥተን ነበር። ስለ ሕንፃው ግን ሊቃውንትና አገር ጐብኚዎች ብዙ ጽፈዋልና፥ ዛሬ ለዚህ ለቤተሰብ ገጽ የምናቀርበው በዚያ ዕለት በዋሻው ደጃፍ ላይ ስለ ተነሣ አንድ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ያነሣችው ታላቅ እኅታችን ናት። ልጇ በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርቷን ጨርሳ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት «የአካቶ ትግበራ ባለሙያ» ተብላ ተቀጥራለች። እኅታችን ይህን ስም ሦስት ጊዜ ካስደገመች በኋላ፥ «ወንድም ዓለም፥ አንተ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነህና ይህን ሳታውቅ አትቀርም። እኔ ዳኛ ትሆናለች ብዬ ነበር ያስተማርኋት። ይኸ ደግሞ ምን የሚሉት ሹመት ነው? ጐረቤት ሲጠይቀኝ ልጄ ምን ትሠራለች ልበል?» አለችን። ልጅቱ አጠገባችን ቆማ ነበርና አንገቷን ደፋች። እኛም ለጊዜው «ደኅና ሥራ ነው» ብለን አለፍነው፤ ነገር ግን መልሳችን የማይበቃ እንደ ነበረ ራሳችን ዐውቀነዋል። ይህንኑ የሚጠይቁ ወላጆች ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ያን ዕለት ያጐደልነውን ዛሬ እንደ ዐቅማችን እንሞላለን።

አካቶ ትግበራ ማለት፥ አንድ መሥሪያ ቤት ሰው ሲቀጥር፥ ሲያሳድግ፥ ሲያሠለጥን፥ ባለ ጕዳይንም ሲያስተናግድ፥ ሴት በመሆኗ ወይም አካሉ በመጐዳቱ ወይም በቋንቋውና በትውልዱ ምክንያት ከደጅ የሚመለስ ሰው እንዳይኖር መጠበቅ ነው። በውጭ አገር ኩባንያዎች ዘንድ «ብዝኃነትና አካታችነት» እየተባለ ይጠራል። በእኛ አገር ቀድሞ በየመሥሪያ ቤቱ የሴቶች ጕዳይ ክፍል የሚባል ነበረ፤ በ2014 ዓ.ም. የሴቶችና ማኅበራዊ ጕዳይ ሚኒስቴር በዚህ ስም ከተቋቋመ ወዲህ ግን ሥራው ሰፍቶ፥ የአካል ጕዳተኞችንና የሌሎችንም ነገር ጨምሮ በየሚኒስቴሩ ክፍል ተሰጥቶታል።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙበት በ1900 ዓ.ም.፥ በእጁ ሥራ የሚተዳደረውን ሰው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ሕዝቡ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፥ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያለ ሲያዋርድ፥ ሠራተኛው ሥራውን እየተወ አገር ባዶዋን እንደምትቀር ንጉሠ ነገሥቱ ተመልክተውታል። የሚጽፈውን ሰው ጠንቋይ ማለትም በዚያው ዐዋጅ ተነቅፎ ነበርና፥ እኛ ጸሐፊዎች ይህን ዐዋጅ በልዩ ፍቅር እናስታውሰዋለን። የሆነ ሆኖ ስድቡ በዐዋጅ ቢከለከልም፥ የጠይቡና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በመሥሪያ ቤት ወንበር አግኝቶ እስኪታይ ድረስ ብዙ ዘመን አልፏል፤ በአንዳንድ ስፍራም ነገሩ ገና ነው።

አሁን ወደ ዋሻው መንገድ እንመለስ። ከመንደሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሽቅብ የሚያስኬድ የድንጋይ ደረጃ አለ። እኛ እያለከለክን ስንወጣ፥ አንድ ዐይነ ስውር የቅኔ መምህር የበትራቸውን ጫፍ አንድ ትንሽ ተማሪ ይዞላቸው ቀደሙን። ይምርሐነ ማለት በግእዝ «ይምራን» ማለት እንደ ሆነ ቤተ ክህነት የተማረ ሁሉ ያውቃል፤ በሰበታ ያለው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤትም «መርሐ ዕውራን» መባሉ ከዚሁ ግስ ነው። መሪና ተመሪ ሆነው በዚህ ስም ወደሚጠራ ቦታ ሲወጡ ባየን ጊዜ የልጅነታችን ነገር ትዝ አለን።

እኛ ቅኔን የቈጠርነው በዋድላ፥ ዐይነ ስውር ከነበሩ መምህር ዘንድ ነው። መጽሐፉን ከእኛ አንዱ ያነብላቸው ነበር፤ አንድ ፊደል የዘለለ እንደ ሆነ ግን መምህራችን ከቃላቸው ያርሙት ነበር። ማታ ተራ የደረሰው ተማሪ እጃቸውን ይዞ ወደ ቤታቸው ያደርሳቸዋል፤ ጠዋት ሌላው ያመጣቸዋል። በምን ያነባሉ፥ በምን ይሄዳሉ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አልነበረም። ይህም የሆነው የዚያ ጉባኤ ሰው ከሌላው ሰው ይልቅ ርኅሩኅ ስለ ሆነ አይመስለን። ትምህርቱ በቃል የሚሰጥና በቃል የሚመለስ ሆኖ ተሠርቷል፤ መሪ ልጅም በተራ የሚመደብበት ሥርዐት ከጥንት ጀምሮ ነበረ፤ ስለዚህ የዐይን መጥፋት ከወንበሩ አላስቀራቸውም። ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት በተሻገርን ጊዜ ደግሞ ብሬል የተባለውን በጣት የሚነበብ ጽሕፈት አየን፤ እርሱም ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ ያደረገ ነው፤ ሰውየው እንደ ነበረ ሆኖ ወረቀቱ ተለወጠለት።

ይህን ስንል የቤተ ክህነቱን ትምህርት ቤት ከነቀፋ ነጻ ማድረጋችን አይደለም። ከእኛ ጋራ በዚያ ጉባኤ አንዲት ሴት ልጅ አልነበረችም፤ ለምን ብሎ የጠየቀም አልነበረም። በጐጃም ግን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሴትም ዐይነ ስውርም ሆነው ሳለ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፥ በአባታቸው ወንበር ተቀምጠው፥ ብዙ ወንዶች ተማሪዎችን አስተምረዋል። አባትየው የልጃቸውን ዕውቀት ባይፈልጉና ባያስተምሯቸው ኖሮ፥ ይህች ሊቅ እንደ ነበረች ማን ያውቅ ነበር? ስንቶቹስ በየቤታቸው ሳይታወቁ ቀርተዋል?

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር ግድ ይሆንብናል። በ2006 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሳለን፥ ለአንድ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ወጥቶ ማመልከቻ ተቀባይ ስለ ታጣ እኛ በመስኮቱ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን አንድ ዐይነ ስውር ጐልማሳ ነጭ በትሩን እየመታ መጣ። የሕግ ዲግሪውንና የትምህርት ውጤቱን በሥርዐት አስይዞ በመስኮቱ አቀበለን። ውጤቱ እስከዚያ ቀን ካመለከቱት ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ይህን ዛሬም አንክድም። ማስታወቂያው ግን ከሁሉ በታች «ሙሉ ጤንነት ያለው» የሚል ቃል ነበረበት። እኛም ክፋት ሳናስብ፥ እንዲያውም በከንቱ እንዳይደክም አዝነንለት፥ «ወንድሜ፥ ይህ ሥራ መዝገብ ማንበብ ነው፤ በምንህ ታነበዋለህ?» ብለን ወረቀቱን መለስንለት።

እርሱም አልተቈጣም። «ያልተቀበላችሁኝ በዚህ ምክንያት መሆኑን በጽሑፍ ስጡኝ» ብቻ አለ። «እንዲህ ያለ ወረቀት አንሰጥም» አልነው። ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ስምዎን ይንገሩኝ» አለን። ነገርነው። አመስግኖ ሄደ። ከኋላው የቆሙት አመልካቾች መንገድ ለቀቁለት፤ እኛም የሚቀጥለውን ጠራን።

ከዚያ በኋላ ዓመት ያህል ቆይተን፥ ለሌላ ጕዳይ ነጋሪት ጋዜጣ ስናገላብጥ የአካል ጕዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ዐዋጅ ቍጥር 568/2000ን አገኘን። ያን ሰው በመለስንበት ቀን ዐዋጁ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ዐዋጁ አሠሪው ለአካል ጕዳተኛው የሚስማማ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያዘጋጅለት፥ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብለት ያዝዝ ነበር፤ በውድድርም እኩል ወይም የተቀራረበ ውጤት ያገኘ እንደ ሆነ ቅድሚያ እንዲሰጠው ይል ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠን ግን የማስረጃው ነገር ነው። በሌላው ክርክር ከሳሽ ያስረዳ ይባላል፤ በዚህ ዐዋጅ ግን «በአካሌ ጕዳት ምክንያት በሥራ ላይ ተበደልሁ» ብሎ ለከሰሰ ሰው፥ «አልበደልሁም» ብሎ የማስረዳቱ ሸክም በአሠሪው ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ ያ ሰው ወረቀት የጠየቀን ለክሱ አስፈልጎት አልነበረም ማለት ነው። ሕጉን እርሱ ያውቀው ነበር፤ በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጥነው እኛ አላወቅነውም ነበር። ምናልባት ምክንያቱን በገዛ እጃችን ስንጽፈው ዐይናችን እንዲያየው ፈልጎ ይሆናል። ክስ አላቀረበብንም፤ የት እንዳለም አናውቅም። ዛሬ በምንሠራበት ስፍራ «ሙሉ ጤንነት» የሚለው ቃል ከማስታወቂያ እንዲሰረዝ ለአለቃችን ማመልከቻ ጽፈናል፤ መልሱ ገና አልደረሰንም።

አሁን ለእኅታችን ጥያቄ መልስ መስጠት ይቻላል። ያ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት አንድ ሰው አንብቦት «ይህ ቃል ከዐዋጁ ጋራ ይጣላልና ይውጣ» ቢል ኖሮ፥ በመስኮቱ የሚቀመጠውንም ጸሐፊ ጠርቶ «እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣ እንዲህ አድርገህ ተቀበለው» ብሎ ቢያስተምር ኖሮ፥ መዝገቡንም በድምፅ የሚያነብ ኮምፒዩተር አስቀድሞ ቢያስገዛ ኖሮ፥ ያ ጐልማሳ ዛሬ ምናልባት የእኛ አለቃ በሆነ ነበር። የልጅሽ ሥራ፥ እኅታችን ሆይ፥ ይህ ነው። ለጐረቤትም እንዲሁ ብትነግሪ ይገባቸዋል።

ዳኛ ትሆናለች ብሎ ተስፋ ያደረገ ወላጅም ተስፋውን አይቍረጥ። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ከሠሩ በኋላ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎችን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ፤ ስለ ተበደሉ ሴቶች ብዙ ዓመት ከደከሙም በኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስም በዚያ ወንበር ቆዩ። ለሌላው መብት መድከም ወደ ችሎት የሚወስደውን መንገድ እንደማይዘጋ ከዚህ ይታያል።

በአገራችን ይህን ሥራ በሥራነቱ ከጀመሩት መካከል ግን ለእኛ ለወሎ ሰዎች የምትቀርብ አንዲት የወሎ ተወላጅ አለች፤ ይኸውም ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ ናቸው። በ1974 ዓ.ም. በአማራ ሳይንት ተወልደው፥ በአምስት ዓመታቸው የዐይናቸውን ብርሃን ዐጡ። በዚያ አገር ሴት ልጅን በሕፃንነቷ የመዳር ልማድ ነበረና፥ ዐይነ ስውር ልጅ ለጋብቻ የማትፈለግ ስለ ሆነች የትምህርት በር በዚያ በኩል ተከፈተላቸው፤ ይህን እርሳቸው ራሳቸው በአደባባይ ተናግረውታል። ሌሎች የዕድሜ እኩዮቻቸው ሙሽራ ሲሆኑ እርሳቸው በሻሸመኔ በካቶሊክ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። ከዚያም በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩት ልጆች ጋራ ተቀምጠው ተምረው፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ፤ በዩኒቨርሲቲውም የሴት ተማሪዎችን ማኅበር መሩ። ከሌሎች ጋራ ሆነውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓመት፥ አካል ጕዳተኞች በልማቱም በሥራውም ሁሉ እንዲካተቱ የሚደክም ማዕከል አቋቋሙ። በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን በስዊድን የሚሰጠውን ታላቅ ሽልማት ተቀበሉ።

የእኅታችን ልጅ ይህን ታሪክ ስንነግራት አንድ ነገር ጠየቀችን። «አጎቴ፥ እኔ ዐይኔም እግሬም ደኅና ነው። እርሳቸው የሚያውቁትን እኔ በምን ዐውቄ ነው ስለ ሌላው የምናገረው?» አለችን። ይህ ጥያቄ ከዲግሪዋ ይልቅ ደስ አሰኘን። ሳያውቅ የሚናገር ሰው በዚህ ሥራ ብዙ ጕዳት ያደርጋልና፤ እኛም በመስኮቱ ያጠፋነው፥ ሰውየው በምን እንደሚያነብ መልሱን ሳንጠብቅ በመናገራችን ነበር። ጥያቄው ክፉ አልነበረም፤ መልስ አለመጠበቃችን ነው የከፋው።

ለጀማሪ የሚያስፈልገውን ትምህርት በሚመለከት ብዙ አንልም። ከሕግም፥ ከማኅበራዊ ሥራም፥ ከሥርዓተ ጾታ ጥናትም፥ ከልዩ ፍላጎት ትምህርትም ወደዚህ ሥራ የሚገቡ አሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋ ትምህርትም ተከፍቶ ነበር። በእኛ አስተያየት ለጀማሪ ከሁለተኛ ዲግሪ ይልቅ የምልክት ቋንቋን ማወቅ ይበልጥበታል፤ መስማት የተሳነው ሰው ወደ መሥሪያ ቤት ሲመጣ ዲግሪ ሊያነጋግረው አይችልምና።

ከገባች በኋላ ግን ንግግር ለማድረግ አትቸኵል። አስቀድማ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄዳ ያለፉትን ዓመታት የሥራ ማስታወቂያዎች ትመልከት። ለሹፌር ያልሆነ ሥራ የመንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ፥ በወንበር ተቀምጦ ለሚሠራ ሥራ ቁመናን የሚጠይቅ፥ ሴት ታመልክት ሳይል በወንድ አንቀጽ ብቻ የተጻፈ ስንት ይገኛል! ቀጥላም የሠራተኛውን መዝገብ በደረጃ በደረጃ ትቍጠረው። ሴቶች በዝተውበታል የሚባል መሥሪያ ቤት ሲቈጠር፥ ሴቶቹ በጽዳት፥ በጽሕፈትና በሻይ ክበብ ሆነው፥ ከፍ ባለው ወንበር ግን አንዲት ወይም ሁለት ብቻ የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። የዚያን ዕለት ቍጥሩን ለማንም አትንገር፤ መልሳ ትቍጠረው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «ተሳስተሻል» መባሏ አይቀርምና።

ከዚያ በኋላ ከዋናው በር ተነሥታ እስከ ላይኛው ፎቅ በእግሯ ትሂድ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደሚቀር ታያለች። አሳንሰር ካለ ይሠራ እንደ ሆነ፥ መጸዳጃ ቤቱ ሰፊ በር እንዳለው፥ የምታጠባ እናት የምትገባበት ክፍል እንዳለ ትጠይቅ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቈያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ ለእናቲቱ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋራ ዕረፍት ሰጥቷታል። ይህ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አራስነቷን ጨርሳ ስትመለስ ወንበሯ ለሌላ ተሰጥቶ፥ እርሷ ከመጋዘን አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጥቷት ብትገኝ፥ ዐዋጁን ማን ያስታውስላታል? ባል የሆናችሁ አንባብያን ይህን ከሚስቶቻችሁ ብትጠይቁ የሚነግሯችሁ አታጡም።

የሥራውንም ክፉ ጎን አንሰውርም። በብዙ ስፍራ ይህ ክፍል ያለ በጀት ይቋቋማል። አለቆች ለስብሰባው ወኪል ይልካሉ፤ ወኪሉም ወኪል ይልካል። ዓመቱን ሙሉ የማይጠራው ባለሙያ፥ የሴቶች ቀን የሚከበርበት ማርች 8 ሲደርስ ድንገት ይፈለግና ቲሸርት እንዲያሳትምና ኬክ እንዲያዝዝ ይታዘዛል፤ በማግሥቱ ይረሳል። አንዲት በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየች ሴት «እኔ ዓመቱን ሙሉ ጸሐፊ ነኝ፥ አንድ ቀን ሙሽራ ነኝ» ብላ እንደ ቀለደች ሰምተናል። ከአንባብያኖቻችን ብዙዎች በአለቅነት ወንበር ያሉ ስለ ሆኑ፥ በመሥሪያ ቤታቸው ያለው የዚህ ክፍል ባለሙያ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ወደ ቢሯቸው እንደ ገባ ቢያስቡት ደስ ይለናል።

በላስታና በአካባቢው ደግሞ ከሌላው አገር የተለየ ነገር አለ። ከዋግ ምድር ለገበያና ለጕዳይ የሚወርደው ሰው አፉን የፈታው በኽምጣንጋ ነው፤ የዛጔ ነገሥታትም ከዚሁ ከአገው ወገን እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ይህ ባለ ጕዳይ በመስኮት ቀርቦ ዐማርኛው ሲደናቀፍበት ጸሐፊው ድምፁን ከፍ ያደርግበታል፤ ያልገባው እንጂ ያልሰማ ይመስል! በወንጀል ለተከሰሰ ሰው አስተርጓሚ እንዲሰጠው ሕገ መንግሥቱ ደንግጓል፤ የመሬት ወረቀት ወይም የልደት ምስክር ለሚፈልገው ሰውዬ ግን የሚያስተረጕምለት ብዙ ጊዜ በወረፋው ከኋላው የቆመው ጐረቤቱ ነው። አንድ ኽምጣንጋ የሚናገር ወጣት መቅጠር ይህን ሁሉ ያቃልለው ነበር።

በዚህ ላይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍል የሆነው ጦርነት በዚህ ምድር አልፏል፤ ከዚያም በኋላ መከራው አልተቋረጠም። እግሩን ወይም እጁን ያጣ ጐልማሳ በንግሡ ዕለት በየዛፉ ሥር ተቀምጦ አይተናል። ከእነርሱ አንዱ መምህር እንደ ነበረ ነገረን፤ የቀኝ እጁን ስላጣ በግራው መጻፍ እየተለማመደ ነው። ጥቂት ዘመን ሳይቈይ በአንድ መስኮት ቀርቦ ወረቀቱን ያቀብላል። በመስኮቱ ውስጥ ማን ተቀምጦ ይጠብቀዋል የሚለው ነገር እንቅልፍ የሚነሣን ስለዚህ ነው።

ወደዚህ ሥራ የሚገባ ወጣት የውጭውንም ወሬ ይስማ። በአሜሪካ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓመት የወጣው የሲቪል መብት ሕግ፥ በዘር፥ በቀለም፥ በሃይማኖት፥ በጾታና በትውልድ አገር ምክንያት በሥራ ላይ ማዳላትን ከለከለ፤ በ1990 ደግሞ ስለ አካል ጕዳተኞች ሌላ ሕግ ወጣ። ከዚህ የተነሣ ኩባንያዎችና መሥሪያ ቤቶች የዚህን ሥራ ባለሙያዎች በብዛት ሾሙ። በ2025 በጥር ወር ግን ወደ ሥልጣን የተመለሱት ፕሬዚዳንት በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያሉት እንዲህ ያሉ ክፍሎች እንዲዘጉ አዘዙ፤ ሕጎቹ ሳይሻሩ ወንበሮቹ ታጠፉ። ስለዚህ ልጃችን ደብዳቤ በጻፈች ቍጥር የክፍሏን ስም ሳይሆን የዐዋጁን ቍጥር ትጥቀስ ብለናታል። በሥራና በሙያ ማዳላትን የሚከለክለውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቍጥር 111ንም ኢትዮጵያ በ1958 ዓ.ም. አጽድቃዋለች፤ ብዙ አለቆች ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲበተን ከዋሻው መውረድ ጀመርን። የቅኔው መምህርም ከመሪያቸው ጋራ ከፊታችን ይወርዱ ነበር፤ ሲወርዱ ግን እንደ አወጣጣቸው አልፈጠኑም፤ አንዱን ድንጋይ በእግራቸው እየዳሰሱ ይቆሙ ነበር። የእኅታችን ልጅ ከእኛ ተለይታ ቀደም አለችና ጉልበታቸውን ከሳመች በኋላ፥ «የኔታ፥ በዚህ መንገድ ሲወጡና ሲወርዱ የሚቸግርዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

የኔታም ሳቁ። «ልጄ፥ በዚህ ደረጃ ስንት ዓመት ስመላለስ ይህን የጠየቀኝ የለም። ሁሉም እጄን ሊይዘኝ ይሮጣል እንጂ» አሏት። ቀጥለውም መውጣቱ እንደማያስቸግራቸው፥ ሲወርዱ ግን ከመታጠፊያው በታች ያለው ድንጋይ እንደሚነቃነቅ፥ በክረምትም እንደሚያንሸራትት፥ መሪያቸው ሕፃን ስለ ሆነ እርሳቸው ቢወድቁ አብሮ እንደሚወድቅ ነገሯት። «ከዚያ ከጽዱ እስከ ታችኛው ደረጃ አንድ ጠንካራ ገመድ ቢወጠር፥ ልጁም ያርፍ ነበር፤ እኔም ብቻዬን እወርድ ነበር» አሉ።

ልጅቱ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ በጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። ጽፋም ስትጨርስ ቀና ብላ፥ «ገመዱ በቀኝ ነው በግራ ይሁን?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«በግራ ይሁን» አሏት፤ «በቀኜ በትሬን እይዛለሁ።»